ቀጭ እስኪል

በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ የሚጠብቅ ነገር ሁሉ ድምፅ ነበረው። የማሰሮ ክዳን ሲገጠም ቀጭ ይላል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ቀጭ ይላል፤ የበር መቀርቀሪያ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ የውኃ ቧንቧ ሁሉም ቀጭ ይላል። ቀጭ ያለ ነገር ጠበቀ ይባላል። ቀጭ ያላለውን ሰው አያምነውም።

መለኪያ መሣሪያዎች ሰው ያስቀይማሉ ተብለው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። መለኪያ ቁጥሩን እንጂ የሰው ፊት አያይም፤ አልጠበቀም ካለ አልጠበቀም ነው። ስለዚህ ከመለኪያው ይልቅ ሰው ይጠየቅ ጀመር። በየመንገዱ ያለው ምሰሶ አላፊውን "ረክተዋል?" ይለዋል፤ አላፊው "ረክቻለሁ" ብሎ ያልፋል። ብዙ ሰው የረካበት ነገር ደህና ነው ተብሎ ይመዘገባል።

ይመር የሽቦ ማያያዣ ነዳፊ ነበር። ማያያዣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ የነሐስ ቁራጭ ናት፤ በጎኗ ቀዳዳ፣ በአናቷ ብሎን አላት። የተላጠው ሽቦ በቀዳዳው ይገባል፤ ብሎኑ ሲዞር ወርዶ ይጫነዋል። ሌላ ጥበብ የላትም። በየቤቱ ግድግዳ ውስጥ ባለ ሳጥን ተደርድራ ትቀመጣለች። ብሎኑ በደንብ ከተጫነ ቤቱ መብራት አለው። ካልተጫነ ሽቦውና ነሐሱ እየተነካኩና እየተላቀቁ ይግላሉ፣ ይከስላሉ፣ ከዚያ ቤቱ ሌላ ዓይነት መብራት ይኖረዋል።

ሲጀመር የይመር ብሎን አራት ዙር ነበረው፤ እጅ አልሄድም እስኪል ይዞራል። ሰዉ አንጓዬን አመመኝ አለ። የሰዉን ምሬት የሚሰማ የምቾት ጉባኤ የሚባል ነበረ፤ ጉባኤው ይመርን ጠርቶ "ሰው መቼ እንደሚያቆም የሚነግረው ይፈልጋል" አለው። ይመርም በብሎኑ አንገት ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አስገባ። ሽቦው በሚገባ ሲጫን ምላሷ ቀጭ ትላለች። ያኔ እውነቷን ነበር። በተከታዩ ዓመት ድምፁ ሦስተኛው ዙር ላይ ይምጣ አሉ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ። ሰዉ ድምፁን ወደደው፤ ቶሎ ሲመጣለት ደግሞ ይበልጥ ወደደው።

ዘንድሮ ግማሽ ዙር ላይ ይሁን አሉ።

"ግማሽ ዙር ላይ ብሎኑ ሽቦውን አይዘውም" አለ ይመር።

የጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ልሳኑ ሁልጊዜ ሠርግ ቤት የተጠራ የሚመስል ሰው ነው፤ ፈገግታው ከፊቱ አይወርድም። "አይዘውም ስትል፣ ጭራሽ አይነካውም?"

"ይነካዋል። እንደ ሰላምታ።"

ከአጠገቡ የተቀመጠችው ወይዘሮ ብርቅነሽ ሳቀች። "ሰላምታ ደግሞ መቼ ይናቃል!"

"ሰላምታ ካውያና ምድጃ አይሸከምም።"

"አየህ፣ ወንድሜ፣ ችግርህ ይሄ ነው" አለ አቶ ልሳኑ። "ሰዉ ምን አለ? ቀጭ ሲል ልባችን ያርፋል አለ። የሰው ልብ አሳረፍክ። ሌላ ምን ቀረህ?"

"ሽቦውን ማሳረፍ።"

"ሽቦ ቅሬታ አያቀርብም" አለ ዶክተር ናሁሰናይ፣ የጉባኤው የስሜት ሊቅ። እየቀለደ አልነበረም።

ይመር ሦስቱንም በየተራ አያቸው። እንቢ ማለት ይችል ነበር። አላለም። ከናቁት ሰው ጋር መከራከር ድካም ነው፤ መታዘዝ ይቀላል። ሞኝ የለመነውን ይሰጡታል እንጂ አይመክሩትም ብሎ ራሱን አሳመነ። ምላሷን ወደ ላይ ስቦ ግማሽ ዙር ላይ አደረሳት። ሥራው አንድ ከሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ሕጉ እንደሚያዘውም በእያንዳንዷ ማያያዣ ግንባር ላይ የነዳፊው ስም ታተመ።

ሌላም ሕግ ነበረ፤ ያበጀ ይደርበት የሚባል። ድሮ አንድ ሰፈር ሙሉ ከነደደ በኋላ የወጣ ነው። አዲስ ማያያዣ የነደፈ ሰው ማያያዣው በተገጠመበት መፈተኛ ቤት ውስጥ አብረውት ማዕድ ከሚቆርሱት ጋር ከመስከረም እስከ ኅዳር ይኖራል። ቤቱ ደህና ከሆነ በመጨረሻው እሑድ ጉባኤው እዚያው ቤት ምሳ ይበላል፤ ከማዕዱ ሳይነሣ እጅ አውጥቶ ያጸድቃል። በማግስቱ ማያያዣው ወደ ከተማው ይለቀቃል። ዘንድሮ መጀመሪያ የሚገጠምለት ተረኛ ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው ሰፈር ነበር። የይመር አማት እማማ ጦይባ የሚኖሩት እዚያ ነው።

ይመር ሚስቱን ራህመትን ይዞ ገባ። እማማ ጦይባም ፍራሻቸውን አሸክመው መጡ፤ ሰፈሬ የሚገባውን ቀድሜ ልየው ብለው ነው። በየመፈተኛው ቤት ጠረጴዛ ላይ ለእንግዳ ማሳያ የምትቀመጥ ማያያዣ አለች። እማማ ጦይባ በጣታቸው ያዞሯታል፣ ይመልሷታል፣ እንደገና ያዞሯታል።

"ቀጭ! እሰይ! ስታምር! ይሄን ያበጀ እጅ ይባረክ።"

"እኔ ነኝ ያበጀሁት፣ እማማ።"

"ታዲያ ፊትህ ምን ሆነ?"

የቤቱ ኑሮ እንደማንኛውም ቤት ነበር። የከተማው ኃይል ከጣራ ላይ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ የሚሠራው በፀሐይ ሰዓት ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት። በዚያ ሰዓት ከተማው በአንድ ጊዜ ይቀቅላል፣ ይጋግራል፣ ያጥባል፣ ይተኩሳል። ጭስ የለም፤ እንፋሎት ግን ከየመስኮቱ እኩል ይወጣል። ስምንት ሰዓት ሲሆን እኩል ይቆማል፤ ሰውም ይተኛል። ከሰዓቱ ውጭ ካውያ ያነሳች ሴት ትታማለች። ስለዚህ በግድግዳው ውስጥ ያሉት ሽቦዎች በየቀኑ ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭነት ይሸከማሉ፤ ይሞቃሉ፤ ያብጣሉ፤ ከዚያ ይበርዱና ይሟሽሻሉ። ያልተያዘ ሽቦ በዚህ መሃል ነው የሚላቀቀው።

ይመር ይህን ያውቃል። በፀሐይ ሰዓት ማብቂያ ላይ ሄዶ የሳጥኑን ክዳን በእጁ ጀርባ ይነካል፤ የታመመ ሰው ግንባር እንደሚነካ። ክዳኑ ቀዝቃዛ ነው። በማግስቱም ቀዝቃዛ። መስከረም አለቀ፤ ቀዝቃዛ። መጀመሪያ ደስ አለው። ቀጥሎ ደነቀው። በመጨረሻ ከነከነው። የራሱን ሥራ ጉድለት እንደ እሱ የሚያውቅ የለም፤ ይህ ክዳን መሞቅ ነበረበት።

አንድ ቀን ዋናውን ማብሪያ አጥፍቶ ክዳኑን ፈታው። ብሎኖቹ ሁሉ እስከ መጨረሻው ወርደዋል። ምላሶቹ ተሰብረው ሳጥኑ ግርጌ ወድቀዋል። አንዱን ብሎን በካቻቪቴ ሞከረው። እንደ ዓለት ነው፤ አልነቃነቅ አለው።

ቤቱን ሽቦ የዘረጋው ሙሄ ነው። ሙሄ የከተማውን ግማሽ ቤት ያውቃል፤ ሠርግና ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። ይመር አስጠራው።

"ሙሄ፣ እነዚህን ያጠበቀ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"ቀጭ ካለ በኋላ?"

"ቀጭ ካለ በኋላማ ነው ማጥበቅ።"

"ምላሷን ሰብረሃታል እኮ።"

"ትሰበር! ሥራ የላትም።"

"መመሪያው ቀጭ ሲል አቁም ነው የሚለው።"

"ለሰው ቤት አቆማለሁ" አለ ሙሄ። "ይሄ ግን ያንተ ቤት ነው፣ ኢንጂነር። ራህመት እዚህ አለች፤ እማማ ጦይባ እዚህ አሉ። የነዳፊን ቤት በቀጭ ብቻ ትቼ ብሄድ፣ አንድ ነገር ቢሆን፣ ሰው ምን ይለኛል? ይሉኝታ የለኝም እንዴ?"

"የሌላውስ ቤት የሰው ቤት አይደለም?"

ሙሄ ትንሽ አሰበ። "እነሱን አላውቃቸውም" አለ። "ደግሞ እነሱም አይወዱልህም። ቀጭ ካለ በኋላ አንድ ዙር ብጨምር፣ 'ብሏል እኮ፣ ምን ያደርቅሃል፣ ልትሰብርብን ነው?' ይሉሃል። ስወጣ ምሰሶው 'ረክተዋል?' ይላቸዋል፤ አልረካንም ይላሉ። እኔ ልጆች አሉኝ።"

"ባለፈው የሁለት ዙሩን ስንፈትንስ?"

"ያንንም አጥብቄልሃለሁ። ከዚያም በፊት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ፤ አላህ ይማራቸውና ለነዳፊ ሁሉ እንዲሁ ነበሩ። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አብሽር፣ ያንተ ቤት አይነድም።"

ይህን ያለው ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው ነው፤ ከዚያ ምስጋናውን ቆሞ ጠበቀ። ይመር ግን ሌላ ነገር ገባው። ጉባኤው ለዓመታት ያጸደቀው ያልተፈተነ ነገር ነው። ነዳፊዎች ሁሉ በሙሄና በሙሄ መምህር ደግነት ውስጥ ሲያድሩ ኖረዋል፤ ከተማው ደግሞ በቀጭታ ውስጥ። ባለፉት ዓመታት ከማዶም ከወዲህም የነደዱት ቤቶች ትዝ አሉት። ምርመራው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ነዋሪው ተኝቶ ምድጃ ረስቷል።

በነጋታው ወደ አቶ ልሳኑ ቢሮ ሄዶ ነገሩን ነገረው።

"እና?" አለ አቶ ልሳኑ። "ቤቱ ደህና ነው እያልከኝ ነዋ።"

"ደህና የሆነው የእኔ ማያያዣ ስለሌለበት ነው።"

"ስምህ አለበት አይደል?"

"አለበት።"

"ታዲያ ያንተ ነው። ሙሄ ጥሩ ሰው ነው፣ ይመር። ደግነትን በክስ አትመልስ። እሑድ ምሳ ምንድነው? የራህመት እጅ ይጣፍጣል ሲሉ እሰማለሁ።"

ይመር ወጣ። ቢሮው ደጃፍ ያለው ምሰሶ ረክተዋል ወይ አለው። እንደገና ጠየቀው። አልፎት ሄደ።

ረቡዕ ዕለት፣ ከፀሐይ ሰዓት በፊት፣ የሙሄን ብሎኖች እየታገለ አንድ በአንድ ፈታ። በቦታቸው አዳዲስ ማያያዣዎች አስገባ። ሽቦውን ላጠ፣ አስገባ፣ ግማሽ ዙር አዞረ። ቀጭ። ሌላውን። ቀጭ። በእያንዳንዱ ላይ እጁ ልጨምር ይላል፤ ያስቆመዋል። ራህመት መጥታ ከጀርባው ቆማ እንደነበር ያየው ቆይቶ ነው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ወደ ነደፍኩት እየመለስኩት ነው።"

"ይነዳል?"

"ወዲያው አይነድም። ይሞቃል።"

"ከዚያስ?"

ሌላ ሽቦ ላጠ።

"ስትነድፈው እጅህ እንዲህ ያመነታ ነበር?"

"አይ።"

"ምን እያሰብክ ነበር ታዲያ?"

"ሰዉ ሞኝ እንደሆነ።"

"እናቴም ያው ሰዉ ናት" አለች ራህመት። "ከማዶ እንደምትኖር ጠፍቶህ ነው?"

"አልጠፋኝም።"

"አይ ይመር! ንቀትህ ሰፊ ነው፤ ለሁላችንም ደርሷል።"

"እሳቸውን ይዘሽ እህትሽ ጋ ሂጂ። እኔ ብቻዬን እቆያለሁ።"

"አብረውት የሚበሉት ካልኖሩ ፈተና አይባልም፤ ሕጉን እኔም ሰምቻለሁ። ከሄድን ሰበብ ያገኛሉ። እሑድ ድረስ እዚሁ ነኝ። ካውያዬንም አልቆጥብም።"

አልቆጠበችም። ሐሙስ የቤቱን ልብስ ሁሉ ተኮሰች። ዓርብ የተተኮሰውን ደግማ ተኮሰች፤ ሁለቱን ምድጃ አብርታ ውኃ ብቻ አፈላች። እማማ ጦይባ "ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ አንሶላ ተኩሳ ትጨርሰው!" አሉ። ማንም የነገራቸው የለም። ዓርብ በስምንት ሰዓት ክዳኑ ለብ አለ። ቅዳሜ እጅ አያስቆይም። ይመር በፀሐይ ሰዓት ከሳጥኑ ሥር ወንበር አስገብቶ ይቀመጥና አሸዋ የሞላ ባልዲ በእግሩ መሃል ያደርጋል። ሰዓቱ ሲያልቅ ይነሣል። ብሎኑን አልነካም።

እሑድ ጉባኤው መጣ። ራህመት ሁሉም የሚበላው ይሁን ብላ ሥጋ ሳታስገባ ነው የሠራችው፤ ምስር፣ ጎመን፣ የሽምብራ አሳ። እንግዶቹ ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ፤ እጃቸውን ታጥበው በትልቁ ትሪ ዙሪያ ተቀመጡ። ሙሄም ተጠርቷል፤ በበሩ በኩል ተቀመጠ። ምድጃው እንደበራ ነው፤ ካውያውም እንደጋለ ቆሟል።

እማማ ጦይባ ማሳያዋን ለአቶ ልሳኑ አቀበሉት። "በል እስቲ አዙራት፣ ልብህ ይረፍ።"

አቶ ልሳኑ አዞራት። ቀጭ። "ይኸው! እናታችን መሰከሩ። ከዚህ በላይ ምን እንፈልጋለን? በሉ እጅ እናውጣና ምሳችንን እንብላ።"

"መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ" አለ ይመር። "እስከ ማክሰኞ ይህ ቤት በሙሄ ጉልበት የተጠበቀ ነበር። ከረቡዕ ጀምሮ ቀጭ እስኪል ብቻ ነው የጠበቀው። እናንተ እንዳዘዛችሁት፣ እኔ እንደነደፍኩት። ክዳኑ ከኋላዎ ነው፣ አቶ ልሳኑ። ይንኩት።"

አቶ ልሳኑ አልነካውም። ጀርባውን ግን ከግድግዳው አራቀ።

"ጎበዝ!" አለ። "ጥሩ ነው። ጥሩ አደረግክ።" ከዚያ አፍንጫውን ነፋ አደረገ። "የሚሸተው ምንድነው?"

"ማያያዣው ነው።"

ወይዘሮ ብርቅነሽ የጠቀለለችው ጉርሻ አፏ ጋ ደርሶ ቆመ። እጇን ወደ ትሪው መልሳ ጉርሻውን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። "ወይኔ ጉዴ" አለች፣ "እህቴ አራስ ናት፤ ሳላያት ልቀር ነው።" ተነሣች።

"እህትሽ የወለደችው አምና አይደለም?" አሉ እማማ ጦይባ።

"ይኸው እስከ ዛሬ አላየኋትም" አለች ወይዘሮ ብርቅነሽ ከበሩ።

ዶክተር ናሁሰናይ ጆሮውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው "አቤት፣ አቤት፣ መጣሁ" እያለ ወጣ።

"ረክተዋል፣ ዶክተር?" አለ ይመር ከኋላው።

አቶ ልሳኑ ብቻ ቀረ። ይሉኝታ አስሮት ነው። ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ። "አሁን ይሄ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አደጋ አለው?"

"ቀጭ ሲል ልባቸው ያረፈው ብዙ ናቸው።"

"እሱን አልጠየቅኩህም!"

"እኛ የምንጠይቀው እሱን ብቻ ነው፣ አቶ ልሳኑ። ሌላውን የሚያውቅ መለኪያ ነበረን፤ ጡረታ አወጣችሁት።"

ከሳጥኑ ውስጥ ጤፍ ሲቆላ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ነው፣ ወዲያው ቆመ። አቶ ልሳኑ ሲነሣ ጉልበቱ ትሪውን መታው፤ ምስሩ ጎመኑ ላይ ፈሰሰ። "ትንሽ አየር ልቀበል" ብሎ ወጣ።

"እንዴ!" አሉ እማማ ጦይባ። "ሳይጎርሱ? ደም የተቃባን ይመስል!"

ሙሄ እንደ ልማዱ ደግ ሊሆን ሞከረ። "ኢንጂነር፣ ካቻቪቴውን ስጠኝ። አንድ አንድ ዙር ጨምሬልህ በሰላም እንብላ።"

"አንተ ነህ በሰላም ያኖርከን" አለ ይመር። "ተቀመጥና ብላ።"

ሙሄ ትሪውን አየ፣ ክዳኑን አየ። እሱም ወጣ።

ይመር ወደ መስኮቱ ሄደ። አራቱም ከአጥሩ ውጭ መንገዱ መሃል ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ዶክተሩ አንድ እግሩን አጫምቷል። አቶ ልሳኑ ላቡን ጠርጎ ፈገግታውን መልሶ ለብሷል።

"ማያያዣው ወደ ከተማው እንዲለቀቅ የምትደግፉ!" አለ።

ዶክተር ናሁሰናይ እጁን አወጣ። ወይዘሮ ብርቅነሽም አወጣች፤ ጫማዋ እጇ ላይ ነበር፣ አብሮ ወጣ። አቶ ልሳኑ የራሱን አወጣ። ሙሄ ድምፅ የለውም፤ ግን ለአብሮነት ብሎ እስከ ደረቱ አነሣ።

"የሚመረጠው እዚህ ውስጥ ነው!" አለ ይመር ከመስኮቱ። "ማዕዱ ላይ!"

"ሕጉን የሚተረጉመው ጉባኤው ነው፣ ወንድሜ።"

"ንድፌን መልሼ ወስጃለሁ። ለማንም እንዲለቀቅ አልፈልግም።"

"አሁን የሕዝብ ነው እኮ" አለ አቶ ልሳኑ፣ በእውነት እያዘነለት። "በአንድ ሰው ስጋት የሕዝብ ምቾት አይታገድም።"

"ስሜን አንሱልኝ እንግዲያው።"

"ስምህማ ታትሟል! መጋዘን ሙሉ። እንኳን ደስ አለህ።"

ሰዓቱ የምሳ ነው፤ ፀሐዩ ከብዷል፤ የምስሩ ሽታ መንገዱ ድረስ ይደርሳል። ወይዘሮ ብርቅነሽ አቶ ልሳኑን በክርኗ ነካችው። አቶ ልሳኑ ጉሮሮውን ጠረገ። "ራህመት፣ እህቴ፣ ድካምሽ በከንቱ አይቅር። እዚሁ ጥላ ሥር ብታቀርቢልን?"

ራህመት ባሏን አየችው። ይመር ትሪውን በሁለት እጁ አነሣና ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ደፍ ወዲህ፣ ቤቱ ውስጥ ቆመ። እንግዶቹ ግቢውን አቋርጠው እስከ ደፉ ድረስ መጡ።

"ግቡና ብሉ" አለ።

"አንተ ወጣ በልልን እንጂ" አለ አቶ ልሳኑ።

"የጸደቀ ቤት ነው። ግቡ።"

አልገቡም። አንድ እጅ ከደፉ አልፎ ቢዘረጋ ትሪው ጋ ይደርስ ነበር፤ አንድም እጅ አልተዘረጋም። ይመር ክንዱ እስኪዝል ቆመላቸው። በመጨረሻ ዶክተሩ ዘወር አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሙሄ ከሁሉ ኋላ ቀርቶ ጫማውን ሲያጠልቅ "አይ ኢንጂነር፣ ሰው አስቀየምክ" አለ።

ይመር ትሪውን መልሶ አስቀመጠ። ዋናውን ማብሪያ አጠፋ። ምድጃው ቀስ እያለ ጠቆረ። ሦስቱም ለብዙ ሰው የተሠራውን ምሳ ከበው ተቀመጡ።

እማማ ጦይባ ሦስት ጊዜ ያህል ጎርሰው አቆሙ። "ይሄ ነገ የእኔ ቤት የሚገባው ነው?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እነዚያ ሰዎች ጫማቸውን ይዘው የሮጡለት?"

"አዎ።"

"ስታበጀው ታውቅ ነበር?"

ራህመት ቀና አላለችም።

"አውቅ ነበር" አለ ይመር።

እማማ ጦይባ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮኹም፤ አልረገሙትም። ከፊታቸው ያለውን እንጀራ ጨረሱ፤ ጣታቸውን ጠረጉ። "ጨው አንሶታል" አሉ፣ ለልጃቸው ነው ያሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ይመርን በልጃቸው በኩል ካልሆነ አላናገሩትም።

ሰኞ ጠዋት ሙሄና ባልደረቦቹ ሳጥኖቻቸውን ጭነው ቦርከናን ተሻገሩ። ይመር ቀድሟቸው ከድልድዩ ማዶ ቆሞ ነበር። በየበሩ እያንኳኳ "ቀጭ ካለ በኋላ አጥብቁት፣ አትመኑት" ሲል ዋለ። አንዷ ሴት ስሙን ጠየቀችው፤ ነገራት። አሁን ከተገጠመላት ማያያዣ ላይ አነበበችና ጎረቤቶቿን ጠራች፤ ተሳሳቁበት። አንድ ሽማግሌ "ሥራህን የምታጣጥል አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?" ብለው በሩን ዘጉበት። በማታ ምሰሶዎቹ ጠየቁ፤ ሰፈሩ ረክቻለሁ አለ።

እማማ ጦይባ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ፍራሻቸው ልጃቸው ቤት ቀረ። ሌሎቹ የሰፈሩ ሰዎች ግን ነዳፊ አማች የላቸውም፤ ቤታቸው ገቡ።